ከበርሜል ወደ አሸንዳ፦ ያለ ናፍጣ ሊዞር የታሰበው ወፍጮ

ከደብረ ሲና ቁልቁል ሲወረድ ባለ አንድ ቀበሌ ውስጥ የሞተር ወፍጮ አለ። ባለቤቱ አገሩ ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው ሽማግሌ ናቸው። የነጋዴዎቹ እቁብ ዳኛም እሳቸው ናቸው። ወፍጮው የሚሠራው በናፍጣ ነው። ናፍጣ አንዳንዴ ጭራሽ ይጠፋል፤ ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም። በጠፋ ሰሞን እህል ጭነው የመጡ ሰዎች ጆንያቸውን ወፍጮ ቤት አስቀምጠው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ።

እንዲህ ባለ ሰሞን ነው አንድ ቪዲዮ በቴሌግራም እጃቸው የገባው። ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ወጣት በያጅ «ያለ ነዳጅ፣ ያለ መብራት፣ በስበትና በውሃ ብቻ የሚዞር ሞተር» ሠርቷል ይላል። ደወሉለት። ገንዘብ ካገኘ 10 ኪሎ ዋት የሚያወጣ ትልቅ ማሽን ሠርቶ ወፍጮውን እንደሚያዞርላቸው ነገራቸው። እቁብተኞቹም ተነጋግረው አንድ ሙሉ ዕጣ ለልጁ ሊሰጡት ተስማሙ። ዳኛው ግን ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት «ማሽን የሚያውቅ ሰው ይየው» አሉ። ማሽን አስተምራለሁና ጥሪው ወደ እኔ መጣ።

ጉዳዩን እንድጽፈው ሁለቱም ፈቅደውልኛል። ስም አልጠራም። የምጽፈው እንዲህ ያለ ቪዲዮ አይቶ ገንዘቡን ሊያወጣ የተዘጋጀ ሌላም ሰው እንዳለ ስለማውቅ ነው። እንደዚህ ልጅ ያለ ባለሙያ ችሎታውን የሚያፈስበት የሚያዋጣ ሥራ እንዲያገኝም ከልቤ ስለምፈልግ ነው።

የብስክሌቱ ቸርኬ

ልጁ የጀመረው በብስክሌት ቸርኬ ነው። በዙሪያው 12 አጫጭር ክንዶች በማጠፊያ አስሯል። በእያንዳንዱ ክንድ ጫፍ ላይ አንድ የብረት ዳዶ በይዷል። ክንዱ በቀኝ በኩል ሲወርድ ወደ ውጭ ይዘረጋል፤ በግራ በኩል ሲወጣ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ከመሃል የራቀ ክብደት ይበልጥ ይስባል። ስለዚህ ቀኙ ሁልጊዜ ከግራው ይከብዳል፣ ቸርኬውም ሳይቆም ይዞራል። ሐሳቡ ይሄ ነው።

ህንዳዊው የሂሳብ ሊቅ ብሃስካራ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ተመሳሳይ ጎማ ገልጿል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ፈረንሳዊው ቪላር ደ ኦንኩር ሥዕሉን በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ትቶታል። ልጁ ስለ ሁለቱም ሰምቶ አያውቅም። ብቻውን አስቦ ነው እዚያ የደረሰው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ቸርኬውን ገፋ ሲያደርጉት ረጅም ጊዜ ይዞራል። ቪዲዮው ላይ የሚታየውም እሱ ነው። የሚያቆየው ግን የኩሽኔታው ጥራትና መጀመሪያ ላይ የተሰጠው ግፊት ነው። ሲቆም ጠጋ ብለን ዳዶዎቹን ቆጠርን። በቀኝ 5፣ በግራ 7። የቀኞቹ ከመሃል ርቀዋል፣ ግን ያንሳሉ። የግራዎቹ ቀርበዋል፣ ግን ይበዛሉ። ተካክለው ቁጭ ብለዋል። ልጁ ይህን ሲያይ ብዙ አልተከራከረም። «ይሄ ለሙከራ ነው መምህር፣ ዋናው በርሜሉ ነው» አለኝ።

በርሜሉ

በርሜሉ በእውነት የሚያምር ሥራ ነው። ባለ 200 ሊትር ሁለት በርሜሎችን አንዱን ባንዱ ላይ አቁሞ በይዷቸዋል። ውሃው 1.75 ሜትር ያህል ይቆማል። ከብየዳው አንዲት ጠብታ አይወጣም። ተንሳፋፊዎቹ ከ160 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ የፍሳሽ ቱቦ የተቆረጡ ናቸው። እያንዳንዳቸው 25 ሳንቲ ሜትር ይረዝማሉ፣ ጫፍና ጫፋቸው ተደፍኗል፣ 5 ሊትር ያህል አየር ይይዛሉ። በሰንሰለት ላይ በ44 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ታስረዋል።

ሰንሰለቱ በውሃው ውስጥ ሽቅብ ይወጣል። አናቱ ላይ ባለ ጥርስ ጎማ ዞሮ በውጭ በኩል በአየር ይወርዳል። ከዚያ በበርሜሉ ቂጥ ባለ ቀዳዳ ተመልሶ ይገባል። ቀዳዳው ውሃ እንዳያስወጣ ከመኪና የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ዙሪያውን ይዞታል።

የልጁ ስሌት እንዲህ ነው። አርኪሜድስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሳየው፣ ውሃ ውስጥ የገባ ነገር በቦታው የነበረውን ውሃ ክብደት ያህል ወደ ላይ ይገፋል። የ5 ሊትር ቱቦ 5 ኪሎ ይገፋል ማለት ነው። በአንድ ጊዜ ውሃው ውስጥ 4 ቱቦ አለ። ድምሩ 20 ኪሎ። የቱቦዎቹ የራሳቸው ክብደት በመውጫውም በመውረጃውም እኩል ስለሆነ ይጣፋል። «20 ኪሎ ያለማቋረጥ ሽቅብ የሚስብ ነገር እንዴት አይዞርም?» አለ። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እስከዚህ ድረስ ያለው ቁጥርም ልክ ነው።

መልሱ ያለው ከታች ባለው ቀዳዳ ላይ ነው። 1.75 ሜትር የቆመ ውሃ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 175 ግራም ይጫናል። ቀዳዳው 16 ሳንቲ ሜትር ስፋት ስላለው 200 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ቱቦው ሊገባ ሲል ውሃው በ35 ኪሎ ወደ ውጭ ይገፈትረዋል። 20 ኪሎ ይስባል፣ 35 ኪሎ ይመልሳል። እንዳየነውም ሰንሰለቱ ሲለቀቅ ጥቂት ይሄድና ቀጣዩ ቱቦ ላስቲኩ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል።

ልጁ ጥፋቱ የላስቲኩ መስሎት ነበር። ቅባት ቀብቶታል፣ ላስቲክ ቀይሯል፣ አላልቶታል። ከዚያ ሌላ መላ አመጣ። «35 ኪሎው እኮ ቱቦው እስኪገባ ብቻ ነው። ከባድ ጎማ ባስርበት በፍጥነቱ ገፍቶ ያልፈዋል።» ይህ ጥሩ መካኒክ የሚያስበው ነገር ነው። እዚህ ጋ ቁጭ ብለን በጠመኔ ወለሉ ላይ አሰላነው።

35 ኪሎው የሚታገለው ለ25 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሲባዛ 875 ይመጣል። 20 ኪሎው ደግሞ ከአንዱ ቱቦ እስከሚቀጥለው፣ ማለትም 44 ሳንቲ ሜትር ይስባል። ሲባዛ 880 ይመጣል። የ5ቷ ልዩነት ቁጥሩን ስላጠጋጋነው የመጣች ናት። ሁለቱ እኩል ናቸው። ኢነርጂ በሚለካበት በጁል ከተነገረ፣ አንድ ቱቦ ከታች ለመግባት 86 ጁል ይከፍላል፤ እስከ ላይ ሲወጣ 86 ጁል ይመልሳል። ከባዱ ጎማ ማበደር ይችላል፣ ግን ብድሩ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ላስቲኩ፣ ሰንሰለቱና ኩሽኔታው የሚበሉት ደግሞ ከየትም አይተካም።

«የበርሜሉን ቁመት ብጨምረውስ?» አለ። ቁመቱ እጥፍ ሲሆን የመውጫው መንገድ እጥፍ ይሆናል። የታችኛው ግፊትም እጥፍ ይሆናል። 172 ገብቶ 172 ይወጣል። ይሄ የዕድል ጉዳይ አይደለም። ቱቦው ሲገባ ለራሱ ቦታ የሚያገኘው ያንኑ ያህል ውሃ ወደ ላይ አንስቶ ነው። ቱቦው ሲወጣ ያ ውሃ መልሶ ይወርዳል። ከጣርማ በር ማርሹን ዜሮ አድርጎ የወረደ ሹፌር ደብረ ሲና ይደርሳል፤ ወደ ጣርማ በር ልመለስ ካለ ግን ነዳጁን ማቃጠሉ አይቀርም። የልጁ ሰንሰለት ደርሶ መልስ የሚሄድ መኪና ነው።

ዳኛው ይህን ሁሉ ቆመው ሲሰሙ ቆዩ። ቁጥሩ ብዙም አልጣማቸውም። ባልዲ ውሃ አስመጣሁና ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ሃይላንድ ሰጠኋቸው። «ጋሼ፣ እስቲ ወደ ታች ይጫኑት» አልኳቸው። በመዳፋቸው ተጭነው ቂጡ ድረስ አወረዱትና ለቀቁት። ሃይላንዱ ዘሎ ወጣ፣ ጋቢያቸውንም ረጨው።

ልጁ ቶሎ ብሎ፣ «አዩ ጋሼ! እኔ የምጠቀመው ይሄንን ኃይል ነው» አለ።

«አየሁ ልጄ» አሉ። «ታዲያ ወደ ታች የተጫነውን እጄን ማን ሊከፍለው ነው?»

ዕድሜያቸውን በሙሉ የገባና የወጣ ሲቆጥሩ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔ በጠመኔ የደከምኩበትን እሳቸው በአንድ ጥያቄ ጨረሱት።

ሌላም መላ ተነስቷል። ከታች ክፍት የሆኑ ጣሳዎችን አስሮ እንደ ጎሚስታ በኮምፕሬሰር አየር መሙላት። ይህም ያው ነው። አየሩ ወደ ታች የሚገባው ውሃውን ገፍቶ ነውና ኮምፕሬሰሩ ቢያንስ የሚገኘውን ያህል ይከፍላል። በዚያ ላይ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ኪሳራ ነው።

የ10 ኪሎ ዋቱን ነገር ልጁ ራሱ በስልኩ አሰላው። ቱቦዎቹ ከታች በነፃ ቢገቡ እንኳ አንዱ 86 ጁል ብቻ ነው የሚሰጠው። 10 ኪሎ ዋት ለማውጣት በየሰከንዱ 116 ቱቦ መውጣት አለበት። ስልኩን አስቀምጦ ዝም አለ። እኔ ደግሞ ሌላ ቁጥር ጨመርኩለት። አንድ ኩንታል እህል ከ3 ሜትር ከፍታ ሲወርድ 2,940 ጁል ያህል ይሰጣል። አንድ የተለመደ የስማርት ስልክ ባትሪ 15 ዋት ሰዓት ቢይዝ 54,000 ጁል ነው። አንድ ስልክ ቻርጅ ለማድረግ፣ ምንም ሳይባክን፣ ኩንታሉን 18 ጊዜ ያህል ተሸክሞ ወደ 3 ሜትር ማውጣት ያስፈልጋል። ስበት ከሩቅ እንደሚታየው ብዙ አይሰጥም። ጥሩ የሚሰጠው ብዙ ክብደት፣ ረጅም ቁልቁለት፣ ደግሞ ክብደቱን በነፃ ወደ ላይ የሚመልስ ሌላ አካል ሲኖር ነው።

ከእቁብተኞቹ አንዱ «ፈረንጆቹ አውቀውት ደብቀውት ቢሆንስ?» አለ። ይህን ጥያቄ በየቦታው እሰማዋለሁ። የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1775 ራሱን በራሱ ያለማቋረጥ የሚያንቀሳቅስ ማሽን ከእንግዲህ አልመረምርም ብሎ በይፋ ወስኗል። ብዙ ሰው በዚህ ሐሳብ ገንዘቡንና ዕድሜውን እየጨረሰ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ማየር፣ ጁልና ሄልምሆልትዝ የሚባሉ ሊቃውንት ኢነርጂ ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው ይለወጣል እንጂ ከባዶ እንደማይፈጠር አሳዩ።

በስበትና በመንሳፈፍ ላይ የቆመ እውነተኛ ማሽን ማየት ለሚፈልግ ስኮትላንድ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 የተከፈተው የፎልከርክ ጎማ ጀልባዎችን ከአንድ ቦይ ወደ ሌላ 24 ሜትር ከፍ ያደርጋል። ሁለት ትልልቅ የውሃ ገንዳዎች ፊትና ኋላ ተሰቅለዋል። ጀልባ ሲገባ የክብደቱን ያህል ውሃ ስለሚያስወጣ ሁለቱ ገንዳዎች ሁልጊዜ እኩል ይመዝናሉ። በዚህ የተነሳ ያ ሁሉ ብረትና ውሃ ግማሽ ዙር ሲዞር 1.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ይፈጃል። እንደዚያም ሆኖ ሞተር አለው። ሚዛኑ ወጪውን ቀነሰለት እንጂ አላስቀረለትም።

እቁቡ ገንዘቡን ለበርሜሉ ማሽን አልሰጠም። ልጁ በጣም ከፍቶት ነበር። መክፋቱም አይፈረድበትም፤ ከብየዳ ቤቱ ገቢ ላይ እየቀነሰ ነው ይህን ሁሉ የሠራው።

ሽቅብ የወጣው ውሃ ያለበት ቦታ

ነገሩ እዚያ አላበቃም፤ ጋሼ አንድ ነገር አስታወሱ። ከወፍጮ ቤታቸው ጥቂት ወረድ ብሎ ባለው ጅረት ላይ ድሮ የውሃ ወፍጮ ነበር። ሞተር ሲመጣ ተተወ። ቦዩ ግን በከፊል አለ።

የዚህ አገር ሀብት ይሄ ነው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በመሃል ያለው ቁልቁለት ሁሉ የሚወርድ ውሃ ያለበት ነው። በርሜሉ ውስጥ የቆመው ውሃ የትም አይሄድም፣ ስለዚህ የሚሰጠው የለም። ጅረቱ ግን ይወድቃል። መልሶ ወደ ላይ የሚያወጣውም ፀሐይ ነው። የእጁን ዋጋ የሚጠይቅ የለም።

በጥቅምት ውሃውን ለካነው። መሣሪያው ባለ 200 ሊትር በርሜልና የስልክ ሰዓት ነው። በርሜሉ በ5 ሰከንድ ሞላ። በሰከንድ 40 ሊትር ማለት ነው። ቦዩ ካለበት እስከ ታች 3 ሜትር የሚሆን ቁልቁለት ተገኘ። 40 ሲባዛ በ9.81 (የስበት ቁጥር ነው) ሲባዛ በ3፣ 1,177 ዋት። ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ እጃችን ይገባል የሚለው በጎማው ዓይነት ይወሰናል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆን ስሚተን እ.ኤ.አ. በ1759 ባቀረበው ሙከራ፣ ውሃ ከላይ እየሞላው በክብደቱ የሚዞር ጎማ ከሥር በውሃ ፍጥነት ከሚገፋው ጎማ ሁለት እጥፍ ያህል ጥቅም እንደሚሰጥ አሳይቷል። ከላይ የሚሞላውን መረጥን። 60 በመቶ ቢሰጥ 700 ዋት ያህል ነው። ከተባለው 10 ኪሎ ዋት ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ግን እውነተኛ ነው፣ ሌሊትም አይተኛም።

ልጁ ጎማውን ሲሠራ ማየት ደስ ይል ነበር። 3 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ ከቱቦላሬና ከላሜራ የተበየደ፣ በዙሪያው ባልዲ የተሰካበት ጎማ ነው። ውሃው በአሸንዳ መጥቶ አናቱ ላይ ያሉትን ባልዲዎች ይሞላል። የሞሉት ይወርዳሉ፣ ታች ሲደርሱ ይደፋሉ፣ ባዷቸውን ይወጣሉ። ከብስክሌቱ ቸርኬ ጋር መልኩ አንድ ነው። ልዩነቱ ክብደቱ ከላይ ይጫናል፣ ከታች ይራገፋል፤ የወጣው ክብደት ተመልሶ አይጫንም። ልጁ ይህን ራሱ አስተውሎ ለዳኛው ሲያስረዳቸው ሰምቼዋለሁ። እኔ ካስረዳሁት ይበልጥ ግልጽ ነበር።

ችግሩ ፍጥነቱ ላይ መጣ። እንዲህ ያለ ጎማ በደቂቃ ከ10 እስከ 12 ዙር ቢዞር ነው። የወፍጮው ድንጋይ ከመቶ በላይ ይፈልጋል። መፍትሔው የአሮጌ መኪና ዲፈረንሻል ሆነ። ተገልብጦ ሲታሰር ፍጥነቱን አራት እጥፍ ያህል ያደርሰዋል። ከዚያ በፑሌጃና በቺንጋ ሦስት እጥፍ ተጨመረ። በመንገድ ላይ የሚባክን አለ፤ ቺንጋው ሲረጥብ ይንሸራተታል፣ ዲፈረንሻሉም የራሱን ይበላል። እህሉ ግን ይፈጫል። ከሞተሩ በጣም ይዘገያል። ጤፍና ገብስ ላይ ጥሩ ነው።

ገንዘቡ ከእቁቡ ነው የወጣው። ለበርሜሉ ከታሰበው በእጅጉ ያነሰ ነበር።

የከበደው ሥራ ብረቱ ላይ አልነበረም። ከወፍጮው በታች በመስኖ ሽንኩርትና ድንች የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ። ውሃውን በተራ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት የሚባሉ በአካባቢው የተመረጡ ሰው ናቸው። እሳቸው ሳይስማሙ ቦዩን መጥረግ እንኳ አይቻልም። ጎማው ውሃ አይጠጣም፣ የገባው ሁሉ ይወጣል። ይህን ለማሳየት ልጁ በርሜሉን ከጎማው በላይም ከጎማው በታችም እያስሞላ ገበሬዎቹ ፊት ሰዓት ያዘ። እኩል መጣ። በዚህ ተማመኑ።

በጥር ግን ጅረቱ ቀነሰ። በርሜሉ ለመሙላት 15 ሰከንድ ወሰደ። በሰከንድ 13 ሊትር ገደማ ነው። በዚህ ድንጋዩ አይነሳም። ስለዚህ ከአሸንዳው በላይ 100 ሜትር ኩብ የማይሞላ ኩሬ ተቆፈረ። ሁለት ሰዓት ሲጠራቀም አንድ ሰዓት ያህል በሙሉ ኃይል ያስፈጫል። ኩሬ ሲመጣ የውሃ አባቱ ስጋት እንደገና ተነሳ፣ ትክክልም ናቸው። ውሃው ባይጠፋም ይዘገያል። መስኖ ለሚጠብቅ ገበሬ የሁለት ሰዓት መዘግየት ተራውን ያዛባዋል። የተስማሙት እንዲህ ነው፦ ከታኅሣሥ ጀምሮ በልግ እስኪገባ ድረስ ኩሬው የሚሞላው ሌሊት ብቻ ነው። ቀን ላይ ውሃው የገበሬው ነው።

በዚህ የተነሳ በበጋ የሚፈጨው በሌሊት ነው። ጋሼ የሞተር ወፍጮውን አልሸጡትም። አዝመራ ሲሰበሰብና በበጋ ቀን ሰው ሲበዛ ያስነሱታል። የናፍጣ ወጪያቸው ግን ከክረምት እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ በጣም ቀንሷል። ልጁ አሁን የላሜራ መከለያ እየሠራ ነው፣ ቺንጋው እንዳይረጥብ። ኩሬውን ማስፋትም ይፈልጋል። ለዚያ የውሃ አባቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ጉዳዩ የሚታይበት ስብሰባ ከበልግ በኋላ እንዲሆን ተቀጥሯል።